64 ሰከንድ፦ የኦክላሆማው ታችዳውንና ሁለቱ ዓይነት ዳኞች

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2014 መጨረሻ ነው። ቦታው ኦክላሆማ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የአሜሪካ ፉትቦል ጥሎ ማለፍ ሩብ ፍጻሜ ላይ ደርሷል። የኦክላሆማ ሲቲው ዳግላስ ከሎከስት ግሮቭ ጋር ይጫወታል። ዳግላስ 20 ለ19 እየተመራ ነው። የቀረው ሰዓት 64 ሰከንድ ብቻ።

ዳግላሶች ኳሷን በረጅሙ ወረወሩ። ልጁ ያዛትና መስመሩን ይዞ በረረ። 58 ያርድ። ታችዳውን! 6 ነጥብ ማለት ነው። ውጤቱ 25 ለ20 ሊሆን ነው።

ግን ሜዳው ላይ ቢጫ ጨርቅ፣ የጥፋት ምልክቱ፣ ወድቋል።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ሲሮጥ አንድ የዳግላስ አሰልጣኝም ከመስመሩ ውጭ አብሮት ይሮጥ ነበር። እዚያው ጠርዝ ላይ አንድ ዳኛ ጨዋታውን እየተከታተለ ይሮጣል። ሁለቱ ተነካኩ። አሰልጣኙ ሆን ብሎ አይደለም። ቢሆንም ጥፋት ነው፤ ዳኛው ቢጫውን ጨርቅ መጣሉ ትክክል ነበር። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኞቹ ታችዳውኑን ሰረዙት። ኳሱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰዓቱ አለቀ። ሎከስት ግሮቭ 20 ለ19 አሸነፈ።

ደንቡ ግን ታችዳውኑን ሰርዙ አይልም።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የራሴ ነገር አለ። እሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስህተቱ ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ በደንብ እንየው። ሰው ስለ ዳኛ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚስተው እሱን ነው።

የዓይን ስህተትና የእውቀት ስህተት

ፉትቦል ስል የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው። የኛን ኳስ እነሱ ሶከር ይሉታል። ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ አንድ ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት እንደገና 4 ሙከራ ያገኛል። እንዲህ እየገፋ መጨረሻው መስመር ጋ ከደረሰ ታችዳውን ነው፤ 6 ነጥብ ያገኛል። ከታችዳውን በኋላ ተጨማሪ ነጥብ የሚሞክርበት አንድ ዕድል አለው። ከዚያ ኳሷን በእግሩ መትቶ ለሌላው ቡድን ይሰጣል። ይህቺን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጫውቱት 5 ዳኞች ናቸው። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሸሚዝ ይለብሳሉ። ነጭ ቆብ ያደረገው ዋናው ነው። የሌሎቹ ቆብ ጥቁር ነው። 22 ልጆች በአንድ ጊዜ ይላተማሉ። እያንዳንዱ ዳኛ የሚጠብቀው የራሱ ጥግ አለው። ጥፋት ያየ ቢጫ ጨርቅ ይጥላል። ከዚያ ተሰብስበው ይነጋገሩና ነጭ ቆቡ ውሳኔውን በእጅ ምልክት ይናገራል።

ቅጣቱ ከየት እንደሚቆጠር ደንቡ ይለያል። አንድ ተጫዋች ጨዋታው እየሄደ ተቃራኒውን አንቆ ቢይዝ፣ ያ ጥፋት ለጨዋታው ውጤት አስተዋፅኦ አድርጓል። ስለዚህ የተገኘው ነጥብ ሊሰረዝ፣ ኳሱም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ጥፋቱን የሠራው ተጫዋች ያልሆነ ሰው ከሆነ ግን ሌላ ነው። አሰልጣኝ፣ ተቀያሪ፣ ከመስመር ውጭ ያለ ማንኛውም ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። እሱ በጨዋታው ውስጥ የለም። የተገኘው ነጥብ ይጸድቃል። ቅጣቱ የሚቆጠረው ቀጥሎ ካለው ነገር ላይ ነው። በዳግላስ ጉዳይ ታችዳውኑ መጽደቅ ነበረበት። ከዚያ በተጨማሪ ነጥቡ ሙከራ ወይም በሚቀጥለው ምት ላይ ዳግላስ 5 ያርድ ይቀጣል። በቃ።

እነዚያ ዳኞች ያዩትን በትክክል አይተዋል። ንክኪው ነበር። ጥፋቱም ነበር። የሳቱት ደንቡን ነው።

ለኔ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዳኛ ሁለት ዓይነት ስህተት ይሠራል። አንዱ የዓይን ነው። ሰው ከፊቱ ተከልሎበት ይሆናል፣ ነገሩ በሰከንድ ሽራፊ አልፎት ይሆናል፣ የቆመበት ቦታ አይመችም ይሆናል። ይህ የማንም ሰው ዓይን ዕጣ ነው። ሌላው የእውቀት ነው። የተጻፈ ደንብ አለ፤ ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም። የመጀመሪያው ይቅር ሊባል ይገባዋል። ሁለተኛው ሊተች ይገባዋል፣ ያውም ጠንከር ተደርጎ። እኛ ተመልካቾች ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። የምንጮኸው በዓይን ስህተት ላይ ነው። የእውቀት ስህተት ሲሠራ ብዙዎቻችን አናውቅበትም፤ ደንቡን እኛም አላነበብነውማ።

ጋሼ የጠየቁኝ ጥያቄ

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። የምኖረው ዳላስ አካባቢ ነው። ቴክሳስ ውስጥ አርብ ማታ ማለት የትምህርት ቤት ፉትቦል ማለት ነው። ሱቁ በጊዜ ይዘጋል፣ መኪናው ሁሉ ወደ ስታዲየም ይነጉዳል። ልጄ 10ኛ ክፍል ሲገባ ቡድኑ ውስጥ ተመረጠ። እኔ የማውቀው የኛን ኳስ ነው። ቢሆንም በየሳምንቱ ሄጄ እቀመጥ ነበር።

አንድ አርብ የልጄ ቡድን ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጣለ። ጥሩ ሩጫ ነበር፤ ተሰረዘ። ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮህኩ። በእንግሊዝኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት። የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። አጠገቤ አንድ አዛውንት ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ ናቸው። አገር ቤት እያሉ የትምህርት ቤት ኳስ ያጫውቱ እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ።

ዝም ብለው አይተውኝ፦ «አንተ፣ ምን ተብሎ ነው የተቀጣው?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ። ግን ሩጫው ንጹሕ ነበር።»

«ደንቡን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትሰድበው?»

መልስ አልነበረኝም። ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ ልጄን ጠየቅሁት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ እኮ የያዝኩት» አለኝ። ጥፋቱ የራሱ ነበር። ዳኛው ልክ ነበር። በዚያ ሳምንት የደንቡን መጽሐፍ ገዛሁ። ስለ ኦክላሆማው ጉዳይ ያነበብኩትም ያኔ ነው። አንድ ቦታ ላይ ያለምክንያት የጮህኩ ሰው፣ ሌላ ቦታ ላይ በእውነት የተበደሉ ልጆች እንዳሉ ሳነብ ነገሩ በጣም ከነከነኝ።

ከሜዳ ወደ ችሎት

ወደ ዳግላስ እንመለስ። የስቴቱን የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚመራው ማኅበር ስህተቱን አልደበቀም። ዳኞቹ ደንቡን ያለቦታው እንደተጠቀሙበት አመነ። ይቅርታ ጠየቀ። ዳኞቹንም ከቀሩት የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አገዳቸው። እስከዚህ ድረስ ማኅበሩን አመሰግናለሁ። ብዙ ተቋም እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ለዳኛው ቡድን ጥብቅና ይቆማል፣ ወይም ዝም ይላል።

ውጤቱን ግን አልቀየረም። ጨዋታው እንዲደገምም አልፈቀደም። በዳኛ ውሳኔ ላይ ተቃውሞ አይሰማም የሚለውን የቆየ መርህ ያዘ።

እዚህ ላይ የዳግላስን ወገን ስሜት መረዳት ያስፈልጋል። ዳግላስ በዘር መለያየት ዘመን ለጥቁር ልጆች የተቋቋመ ትምህርት ቤት ነው። ስሙም የፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ከባርነት አምልጦ የባርነት ጠላት የሆነው ሰው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ማኅበረሰብ «ደንቡ ከናንተ ጋር ነበር፣ ውጤቱ ግን አይቀየርም» ሲባል ነገሩን እንደ ጨዋታ ብቻ ሊሰማው አይችልም። ብዙ ጊዜ የሰማው ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን የምለው ዳኞቹ አዳልተዋል ለማለት አይደለም። አዳሉ የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። የተበደለ ሰው ግን በደሉን የሚመዝነው በራሱ ታሪክ ነው።

የኦክላሆማ ሲቲ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ፍርድ ቤት ሄዱ። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር። ወይ የመጨረሻዎቹ 64 ሰከንዶች ይደገሙ፣ ወይ ጨዋታው በሙሉ ይደገም። ተስፋም ነበራቸው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2013፣ የኦክላሆማ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ የፉትቦል ተጫዋች ጉዳይ ይኸው ማኅበር እንዳሻው መወሰን እንደማይችል፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊመረመር እንደሚችል ተናግሮ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩን የያዙት ዳኛ በርናርድ ጆንስ ናቸው። መጀመሪያ ጊዜያዊ እግድ ሰጡ። ሎከስት ግሮቭ ከሄሪቴጅ ሆል ጋር ሊያደርግ የነበረው ግማሽ ፍጻሜ ቆመ። ለጥቂት ቀናት የአንድ ስቴት የትምህርት ቤት ፉትቦል አንድ ችሎት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

እስቲ የሎከስት ግሮቭን ልጆችም አስቡ። ትንሽ ከተማ ናት። እነሱ ምንም አላጠፉም። ቢጫውን ጨርቅ የጣሉት እነሱ አይደሉም። የተሰጣቸውን ሰዓት ተጫውተው አሸነፉ። አሁን ቆይ ጠብቁ፣ ያሸነፋችሁት ምናልባት አልጸደቀም ተባሉ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው እነሱን ረስቷቸዋል።

ዲሴምበር 11 ቀን 2014 ውሳኔው ተነበበ። ዳኛ ጆንስ ጥያቄውን አልተቀበሉትም። የሁለተኛ ደረጃ ፉትቦል ጨዋታ ይደገም ብሎ ለማዘዝ የሚያስችል ሕግም ሆነ ቀደም ያለ ፍርድ የለኝም አሉ። የዳግላስ ልጆች የተሰማቸውን ብስጭት እንደሚረዱት ጻፉ። ነገር ግን የሜዳ ውጤትን በችሎት መፍታት ከተጀመረ ማቆሚያ እንደሌለው፣ መጨረሻውም «ካባ የለበሱ ዳኞች» ዘመን እንደሚሆን አስጠነቀቁ።

ይህ አባባል በአማርኛ ሲነበብ ሌላ ትርጉም ያገኛል። እንግሊዝኛው የሜዳውን ሰውና የችሎቱን ሰው በሁለት የተለያዩ ስሞች ይጠራቸዋል። እኛ ጋ ሁለቱም ዳኛ ናቸው። ፊሽካ የያዘውም ዳኛ ነው፣ መዶሻ የያዘውም ዳኛ ነው። ቋንቋችን ሁለቱን ያገናኘው ያለምክንያት አይመስለኝም። ድሮ አገር ቤት መንገድ ላይ ሁለት ሰው ቢጣላ «በሕግ አምላክ!» ያለ ሰው ያስቆማቸው ነበር። ካባ አያስፈልግም፣ ወንበር አያስፈልግም። ቃሉን የሰማ ይቆማል። የሜዳ ዳኛም ሥልጣኑ እንደዚያ ያለ ነው። ፊሽካው የሚሠራው ሁሉም ሰው ቆማለሁ ብሎ ስለተስማማ ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ በርናርድ ጆንስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፌዴራል ዳኛ ሆነዋል።

የጆርጂያው መንገድ

ይህ ክርክር የመጀመሪያው አልነበረም። በ1981 ጆርጂያ ውስጥ በጣም የሚመሳሰል ነገር ደርሷል። ኦዝበርን የሚባል የማሪየታ ትምህርት ቤት ሊቲያ ስፕሪንግስን 7 ለ6 እየመራ ነበር። ሊያልቅ 7 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ቀርቷል። ኦዝበርን በ4ኛ ሙከራው፣ አዲስ ሙከራ ለማግኘት 21 ያርድ ሲቀረው፣ ኳሷን ከራሱ አርቆ ለማስረከብ በእግሩ ሊመታ ተዘጋጀ። ተቃራኒው መቺውን ገጨው። ይህ 15 ያርድ ያስቀጣል። ከዚያም በላይ ለተገጨው ቡድን አዲስ 4 ሙከራ ያሰጣል። ዳኛው 15ቱን ያርድ ሰጠ። አዲሱን ሙከራ ግን ረሳው። ኦዝበርን እንደገና 4ኛ ሙከራ ተባለና ኳሷን መትቶ አስረከበ። ሊቲያ ስፕሪንግስ ኳሷን በእግር መትቶ ባለ 3 ነጥብ ግብ አገባ። ከዚያ አንድ ኳስ ጠልፎ ታችዳውንና ተጨማሪ ነጥብ ጨመረ። 16 ለ7 አለቀ።

ልብ በሉ፣ ይህም የዓይን ስህተት አይደለም። ዳኛው መገጨቱን አይቷል። የሳተው ደንቡን ነው።

ወላጆቹ ከሰሱ። የታችኛው ፍርድ ቤት ተስማማላቸው። ልጆቹ ጨዋታው በደንቡ መሠረት እንዲካሄድላቸው መብት አላቸው አለ። ሁለቱ ቡድኖች ተመልሰው ሜዳ ላይ እንዲቆሙ አዘዘ። ኳሱ 38ኛው ያርድ ላይ፣ ለኦዝበርን አንደኛ ሙከራ፣ ሰዓቱ 7 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ። ልክ እንደተቋረጠ ፊልም ከዚያው እንዲቀጥል ማለት ነው። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ትእዛዙን ሻረው። የፉትቦል ዳኛ ውሳኔን መመርመር የፍርድ ቤት ሥራ አይደለም አለ።

የታችኛውን ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስታነቡት ልብ ይነካል። ፍትሕ ይመስላል። ግን እስቲ አስቡት፤ 7 ደቂቃውን ከሳምንታት በኋላ ስትጀምረው፣ የዚያ ምሽት ድካም የለም። የተጎዳው ልጅ ድኗል። ያኔ ጤነኛ የነበረው ምናልባት ተጎድቷል። አሰልጣኙ ተቃራኒው ምን እንደሚጫወት አጥንቶ መጥቷል። ሰዓቱ ያው ሰዓት ነው፤ ጨዋታው ግን ያ ጨዋታ አይደለም። የዳግላስም 64 ሰከንድ እንደዚሁ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት 47 ደቂቃዎች ውስጥ ስንት ሌላ ስህተት ነበር? ለማን ያደላ? እሱን ማን ይቆጥራል?

ስለዚህ በዳኛ ጆንስ ውሳኔ እስማማለሁ። ደስ ብሎኝ አይደለም። የዳግላሱን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ «ውሳኔው ትክክል ነው» ልለው አልችልም። እሱ 58 ያርድ ሮጧል። መዝገቡ ግን አልሮጠም ይላል።

ማን ያጫውት?

ከዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የወሰደው ትምህርት ዳኞች መጥፎ ናቸው የሚል ነው። እኔ ሌላውን ጎን ላንሣ።

የሁለተኛ ደረጃ ዳኛ ሥራው ይህ ብቻ አይደለም። ቀን ቀን መምህር ነው፣ ፖስታ አመላላሽ ነው፣ መካኒክ ነው። አርብ ከሥራ ወጥቶ ብዙ መንገድ ነድቶ ይመጣል። የሚከፈለው ትንሽ ነው። አንዳንዴ ከሜዳው ወደ መኪናው ሲሄድ አጃቢ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን ስፖርት የሚያስተባብረው ብሔራዊ ፌዴሬሽን እንደሚለው፣ ከ2018–19 የውድድር ዘመን በኋላ በነበሩት 3 ዓመታት ውስጥ ወደ 50,000 የሚጠጉ ዳኞች ሥራውን ትተዋል። ይህ የሁሉም ስፖርት ድምር ነው። ወረርሽኙም አስተዋፅኦ ነበረው። የተመልካችና የወላጅ ስድብ ግን ሁልጊዜ ከሚነሱት ምክንያቶች ዋናው ነው። በ2017 የዳኞች ብሔራዊ ማኅበር ከ17,000 በላይ ዳኞችን ጠይቆ ነበር። ከወንዶቹ ግማሽ ያህሉ ለደኅንነታቸው የሰጉበት ጊዜ እንደነበር ተናግረዋል።

ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። በሴፕቴምበር 2015፣ እዚሁ ቴክሳስ፣ ማርብል ፎልስ በምትባል ከተማ ሁለት የሳን አንቶኒዮ ተጫዋቾች አንድን ዳኛ ከኋላው መጥተው ሆን ብለው ጣሉት። አንዱ ገጭቶ ጣለው፣ ሌላው በራስ ቁሩ ላዩ ላይ ወደቀበት። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። አንድ ረዳት አሰልጣኝ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ነኝ ብሏል። ልጅ ብቻውን እንዲህ አያደርግም። ዳኛ ሌባ ነው የሚለውን ነገር ከትልቅ ሰው ሰምቶ ነው።

በየከተማው የዳኛ እጥረት ስላለ የአርብ ጨዋታዎች ወደ ሐሙስ ወይም ወደ ቅዳሜ ይዛወራሉ። የጀማሪዎች ጨዋታ በ5 ፋንታ በ3 ወይም በ4 ዳኛ ይካሄዳል። ልምድ ያለው ሲሄድ ልምድ የሌለው ቶሎ ከፍ ይላል። ጥሎ ማለፍ ላይ ደንብ የሚስት ዳኛ የሚመጣው ከዚህም ነው። ስድቡ ጥሩ ዳኛ አያመጣም፤ ያለውንም ያባርራል።

እንግዲህ ዳኛ አይተች ማለት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው ነገር አለኝ። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» እያሉ ሁሉንም ማለፍ ለዳኛ ክብር አይደለም። መካኒክ ፍሬኑን ሳያጠብቅ መኪናህን ቢሰጥህ «ሰው ነው» ብለህ አታልፈውም። ሙያውን የምታከብርለት ሰው ላይ ጥያቄ ታቀርባለህ። ስለዚህ የዳግላስ ወገን ማኅበሩን መጠየቁ ልክ ነበር። ማኅበሩ ማመኑም ልክ ነበር። ዳኞቹ መታገዳቸውም ያስኬዳል። አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ይህ ቁጥር ደንብ እንዲህ ይላል፣ እናንተ እንዲህ አደረጋችሁ ሲባል ዳኛው መልስ መስጠት አለበት። «ሌባ!» ሲባል ግን የሚመልሰው ነገር የለውም። ስድብ ዳኛውን ከተጠያቂነት ነጻ ያወጣዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

በሜዳ ላይ የሚሆን መሣሪያም አለ። አንድ አሰልጣኝ ደንቡ ያለቦታው ተሠራበት ብሎ ካመነ፣ ለቡድኑ ከተመደቡት አጭር የዕረፍት ጊዜዎች አንዱን ጠይቆ ነጭ ቆቡን ማነጋገር ይችላል። በዓይን ስህተት ላይ አይፈቀድም። በደንብ ስህተት ላይ ብቻ ነው። አሰልጣኙ ልክ ከሆነ ውሳኔው ይታረማል፣ የዕረፍት ጊዜውም አይቆጠርበትም። ካልሆነ ይቆጠርበታል። ቀጣዩ ሙከራ ከተጀመረ ግን አለቀ፤ መመለስ የለም። የደንቡ ጸሐፊዎች የዓይንንና የእውቀትን ስህተት እንዲህ መለየታቸው በጣም ይገርመኛል። ታዲያ ይህ መንገድ የሚሠራው አሰልጣኙም ደንቡን የሚያውቅ ከሆነ ነው። በዚያ ጩኸት መሃል፣ በ64 ሰከንድ ውስጥ፣ ተረጋግቶ የደንቡን ቁጥር የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። እኔ አሰልጣኝ ብሆን ከረዳቶቼ አንዱን ለዚህ ብቻ አቆመው ነበር፤ መጽሐፉን የጨረሰ፣ የማይጮኽ ሰው።

ከ2019 ጀምሮ ስቴቶች ከፈለጉ በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ላይ ቪዲዮ እንዲጠቀሙ ተፈቅዷል። ጥሩ ነው። ግን የኦክላሆማውን ስህተት ቪዲዮ አያድነውም ነበር። ሺህ ጊዜ ቢታይ ያው ንክኪ ነው የሚታየው። የጎደለው ምስል አልነበረም፤ እውቀት ነበር።

አሁን ልጄ ሲጫወት ስሄድ መጽሐፉን ይዤ እሄዳለሁ። ጋሼም አንዳንዴ አጠገቤ ይቀመጣሉ። ቢጫ ጨርቅ ሲወድቅ መጀመሪያ እርስ በርስ እንጠያየቃለን፦ ማን ላይ ነው? ከየት ነው የሚቆጠረው? ብዙ ጊዜ ዳኞቹ ልክ ናቸው። ባለፈው አንድ ጊዜ ልክ አልነበሩም፤ የዕረፍት ሰዓት ላይ አሰልጣኙ ነጭ ቆቡን በትሕትና ሲጠይቀው ከርቀት አየሁ። ሰውዬው አዳመጠው። ራሱን ነቀነቀ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መውጫው ሲሄዱ አገኘኋቸውና እጄን ዘርግቼ አመሰገንኳቸው። ከአምስቱ አንዱ ገና ወጣት ነበር። ሸሚዙ አዲስ ነው። ሰው እጁን ሲዘረጋለት መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጨበጠኝ።

የኦክላሆማዎቹ ዳኞች ተመልሰው ከሆነ ደስ ይለኛል። ያንን አንድ ደንብ በቃላቸው ይዘው፣ ለአዳዲሶቹ ዳኞች እነሱ ራሳቸው ቢያስተምሩት እመርጣለሁ። የዳግላስና የሎከስት ግሮቭ ምሽት ምን እንደሚመስል ከነሱ የተሻለ ሊናገር የሚችል የለም።